ውሃ የሚተኛበት ጥግ

  የተጋበዝኩት ስለ ጓሮ አትክልት እንድናገር ነው። በዚህ ርእስ ሥር ብዙ ሰው የሚጠብቀው ጽጌረዳን፣ ጎመንን ወይም ጌሾን ነው። እኔ የመረጥኩት ቄጤማን ነው። በየበዓሉ ቤታችን የሚገባ፣ እንግዳ የሚረግጠው፣ ሲጠወልግ ተጠርጎ የሚወጣ ተክል ነው፤ ሰው አስቦበት ሲተክለው ግን እምብዛም አይታይም።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። ከመካከላችሁ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ጥግ በግቢው ያለው ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ያ ጥግ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ገረጋንቲ ይደፋበታል፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ የቀረው ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ጎረቤት ይሸኛል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ቄጤማ እንድትተክሉበት ላሳምናችሁ ነው የመጣሁት። በመጀመሪያ ተክሉ በጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አወራለሁ፤ ይህን የተረዳ ሰው አተካከሉን ግማሹን ያህል አወቀ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሥራው እገባለሁ። በመጨረሻ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ስጋቶችና ከከተማ ውጭ ባለው ረግረግ ላይ የሚሆነውን እመለከታለሁ።

ቄጤማ ከሕይወታችን ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በእንቁጣጣሽ ሳሎኑ ይጎዘጎዛል። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምእመናን ያድላሉ፣ ሰውም በራሱ ላይ ያስረዋል። ሠርግ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው፤ ረከቦት የሚቀመጠውም እሱ ላይ ነው፣ በዓሉ ዒድም ይሁን ገና። ይህ ሁሉ ፍላጎት ግን የሚሟላው ከዱር በሚታጨድ ሣር ነው። በበዓል ዋዜማ ወደ ሾላ ወይም ወደ መርካቶ የወጣ ሰው ቄጤማ የተሸከሙ ሴቶችን ያያል። ያ ሸክም ከከተማው ዳር ካሉ ረግረጎችና ከወንዝ ዳርቻዎች በማጭድ የታጨደ ነው። ረግረጉ ሰፊ፣ ከተማው ትንሽ በነበረበት ዘመን ለመትከል ምክንያት አልነበረም። አሁን ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ወደ ተክሉ ልግባ። ሣር እያልን እንጥራው እንጂ ቄጤማ የጤፍና የስንዴ ወገን አይደለም። የራሱ ቤተሰብ አለው፤ በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ቤተሰብ ነው። የአገራችንን ዝርያዎች በዝርዝር ማየት የሚፈልግ ሰው በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ስድስተኛ ቅጽ ያገላብጥ። ለጓሮ ሥራ ግን ጣት ይበቃል። አገዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ አሽከርክሩት። የሣር አገዳ ድቡልቡል ነው፣ አንጓ አለው፣ በአንጓዎቹ መካከል ክፍት ነው። የአብዛኛው ቄጤማ አገዳ ግን ሦስት ማዕዘን አለው፤ ሲሽከረከር ጣት ላይ ይቆረቁራል፣ ከሥሩ እስከ አበባው አንጓ የለውም፣ ውስጡም በለስላሳ ነገር የተሞላ ነው። ቅጠሎቹም በሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ። ገበያ ላይ ቄጤማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሳይፐረስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ በርካታ ዝርያዎች በዚህ ስም ይሄዳሉ። ለሻጭም ለገዢም ለውጥ የለውም። ለሚተክል ሰው ግን አለው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የዚሁ ወገን ግዙፉ አባል የጣናው ደንገል ነው። ቁመቱ አራት ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ታንኳ የሚሠራውም ከእሱ ነው። በኢሉባቦር ደግሞ ጨፌ እየተባለ በሚጠራው ረግረግ ላይ የሚበቅል ሰፊ ቅጠል ያለው ዘመዱ አለ። የብዙ ገበሬ ጎጆ የሚከደነው በእሱ ስለሆነ፣ ረግረጉ ለበቆሎ እርሻ ሲጠነፈፍ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የጣሪያ ክዳኑን ነው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሌላው ተክል በሚሞትበት ጭቃ ይህ ተክል ለምን ይፋፋል? ብዙ ሰው በውሃ የታፈነ ተክል የሚሞተው ውሃ ስለበዛበት ይመስለዋል። የሚገድለው ግን የአየር እጦት ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። በደህናው አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል አየር አለ። ዝናቡ ያንን ክፍተት ሲሞላው ኦክስጅን በውሃው ውስጥ አቋርጦ ወደ ሥሩ ለመድረስ ይገደዳል፤ ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን በአጭር ጊዜ ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላ ጭቃው ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል። ጎመኑ ቢጫ ሆኖ የሚጠወልገው፣ ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ የጠማው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቄጤማ ይህን ችግር የፈታው በአገዳውና በሥሩ ውስጥ በተዘረጉ የአየር መተላለፊያዎች ነው። ውሃ ውስጥ የተደበቀ ሰው በመቃ ከላይ አየር እንደሚስብ፣ ይህም ተክል ከቅጠሉ ጀምሮ እስከ ሥሩ ጫፍ አየር ያወርዳል። ከሚያወርደውም ጥቂቱ ከሥሩ ወጥቶ ዙሪያውን ወዳለው ጭቃ ይገባል። በቀጭኑ የሥር ዳርቻ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቀለም ያየ ሰው ያየው ይህንኑ ነው፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ከኦክስጅኑ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ደንገል የሚንሳፈፈውም በዚሁ በውስጡ በያዘው አየር ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሃየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከእኛው ጣና ነበር። ያች ጀልባ ከማዶ ሳትደርስ ብትዳከምም ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ሳምንት በውቅያኖስ ላይ ቆይታለች።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች ለአትክልተኛ ሁሉ ነገር ናቸው። አንደኛው፣ ቄጤማ ጭቃውን ችሎት ይኖራል እንጂ ጭቃ ካልሆነ አይበቅልም ማለት አይደለም። እርጥበት ያልተለየው ማናቸውም አፈር ይስማማዋል። በጭቃ ውስጥ የሚያሸንፈው ተቀናቃኞቹ ስለሚታፈኑ ነው፤ ስለዚህ ጥጉ በረጠበ ቁጥር አረም ማረሙ ይቀልላችኋል። ሁለተኛው፣ ተክሉ የሚተነፍሰው ከውሃው በላይ ባለው ክፍሉ ነው። የምታጭዱት ያንኑ መተንፈሻውን ነው። ከውሃው በታች ወርዳችሁ ከቆረጣችሁት የተቆረጠው አገዳ ውሃ ይሞላል፣ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ዓመት ሙሉ ያማረ ቄጤማ ከአንድ በዓል በኋላ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቦታውን የሚመርጥላችሁ ሐምሌ ነው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ግቢውን ዞራችሁ እዩ፤ ውሃው እስከ ከሰዓት ሳይሰርግ የቆየበት ቦታ የቄጤማው ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያላችሁ ጥቁር አፈር፣ መረሬው ማለቴ ነው፣ ይህን ውሃ ይዞ የማቆየት ጸባይ አለው። ለግንበኛ መከራ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ለቄጤማ ግን ከዚህ የተሻለ አልጋ የለም። ከእንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ያላችሁ ትንሽ ድካም ይጠብቃችኋል፤ ውሃው ቶሎ ይሰርግባችኋል። እናንተ ክንድ ያህል ጥልቀት ቆፍሩ፣ የፕላስቲክ ሸራ አንጥፉበት፣ ጎኑ ላይ ጥቂት ቦታ ብሱት፣ ከዚያ ያወጣችሁትን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። የጣሪያውን አሸንዳ ወደዚያ ብትመልሱት የክረምቱ ሥራ አለቀ። በሁለቱም ዓይነት አፈር ከቤቱ መሠረት ጥቂት ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ በጥቁር አፈር ላይማ ከግድግዳ ሥር ውሃ ማቆር ቤትን መጥላት ነው። ፀሐይም ይፈልጋል። በዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ ቄጤማ ቀጭን ሆኖ ይወድቃል።

ዘሩን ከመፈለግ ሥሩን መክፈል ይሻላል። ቄጤማ ከመሬት በታች አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከእሱ ነው። ካለው ሰው ጭብጥ የሚሞላ አንድ እግር በአካፋ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ነጭ ወይም ሐምራዊ የቡቃያ ጫፍ መያዙን አረጋግጡ፣ ቅጠሉን በስንዝር ቁመት ቁረጡት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ትከሉት። ሲተከል የቡቃያው ጫፍ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ይሁን፤ የሚቀበር ነገር አይደለም። በአንዱና በሌላው መካከል ስንዝር ተኩል ያህል በቂ ነው፤ በሁለተኛው ክረምት ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ ነው።

ቀደም ብዬ ቆይቼ እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ከምትወስዱት ሥር ላይ በክር እንደተሰካ ጨሌ የተያያዙ፣ ጠቆር ያሉ፣ ሲጨመቁ የሚሸትቱ ትንንሽ እንክብሎች ካያችሁ ጣሉት። ያ ሳይፐረስ ሮቱንደስ የተባለው ነው፤ በዓለም ላይ ገበሬን በማስቸገር ከአረም ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ዝርያ። እሱም የቄጤማ ዘመድ ነው፣ አገዳውም ሦስት ማዕዘን ነው፤ ግን አጭር ነው፣ ለጉዝጓዝም አይሆንም፣ ግቢ ከገባ ደግሞ በዶማ ቆፍሮ ማጥፋት ዕድሜ ይፈጃል። እያንዳንዷ እንክብል አዲስ ተክል ናት።

መስከረም ሲጠባ ለማጨድ አትቸኩሉ። በሰኔ የተተከለ ቄጤማ በእንቁጣጣሽ አረንጓዴ ሆኖ ያጓጓል፤ ነገር ግን ገና ሥር እያበጀ ነው፣ ያን ዓመት ከሾላ ግዙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጫፉ ቢቃጠል አትደንግጡ፤ ሕይወቱ ከመሬት በታች ናት። በበጋው ልብስ ያለቀለቃችሁበትን የመጨረሻውን ውሃ ስጡት፤ በረኪና ያለበትን ግን በፍጹም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በካምፓላ የናኪቩቦ ረግረግ ያለው ደንገል የከተማውን ፍሳሽ እያጣራ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚለቅ ይታወቃል፤ ቄጤማም ይህ ችሎታ አለው። ነገር ግን እኛ ቄጤማውን ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ ነው የምንጎዘጉዘው። የሚያጣራ ቄጤማና የሚጎዘጎዝ ቄጤማ አንድ ቦታ አይተከሉም። ለፋሲካ ሲደርስ ማጨድ ትችላላችሁ። ከአፈሩ ወይም ከውሃው በላይ አራት ጣት አስተርፉ፣ ከመደቡ ሲሶውን ሳትነኩ ተዉት፣ በሚቀጥለው በዓል የተዋችሁትን እጨዱ። በደንብ የያዘ መደብ አንድ አልጋ ቢያህል መካከለኛ ሳሎን ያለብሳል።

ግቢ የሌላችሁ፣ በኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ይህ ሁሉ አይመለከተንም እንዳትሉኝ። የዚሁ ወገን የሆነ፣ በአናቱ ላይ ቅጠሎቹን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ዝርያ አለ፤ በየሆቴሉ ፏፏቴ ዳር አይታችሁታል። ማሰሮው ውሃ በያዘ ሳሕን ላይ ከተቀመጠ በረንዳ ላይ ይኖራል። አባዛዙ ልጆችን ያስደስታል፤ ጃንጥላውን ጥቂት አገዳ አስቀርታችሁ ቁረጡት፣ ቅጠሎቹን በግማሽ አሳጥሩና ዘቅዝቃችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። ከመሐሉ ሥርና ትንንሽ ችግኞች ያወጣል። ለጉዝጓዝ አይሆንም፤ የቄጤማን ጸባይ ለመማር ግን እሱን የሚያህል የለም።

ወደ ስጋቶቹ ልለፍ። የመጀመሪያው የወባ ትንኝ ነው፤ ሰው ቢፈራ ትክክል ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ፣ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። አዲስ አበባን ከፍታዋ ቢረዳትም፣ ከእናንተ መካከል በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች ቤት ያላችሁ አላችሁ። ይህች ትንኝ በጣም የምትወደው በርሜልን፣ ባልዲንና የግንባታ ጉድጓድን ነው። እጯ በራሪ እስክትሆን ድረስ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ውሃ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ አፈሩ ይረጥብ፣ ውሃ ግን ከላይ አይታይ። ጎድጎድ ያለውን ቦታ አፈር ጨምራችሁ ደልድሉት። ጭቃ እጭ አያሳድግም። የበረንዳውን ሳሕን ደግሞ በየሦስት ቀኑ ድፉትና ለውጡ።

ሁለተኛው መስፋፋቱ ነው። ቄጤማ ወደ ደረቁ አፈር ብዙም አይሄድም፤ እርጥበቱ ያበቃበት ቦታ ድንበሩ ነው። ከዚያ አልፎ ከወጣ በዓመት አንድ ጊዜ ዙሪያውን በአካፋ ከርክሙት፣ የተከረከመውን ለጎረቤት ስጡ።

ሦስተኛውን ከስጋት ይልቅ ተቃውሞ ልበለው። «ሁሉም በየግቢው ከተከለ እነዚያ ቄጤማ ሻጭ ሴቶች ምን ይብሉ?» የሚል ነው። ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። ነገር ግን የእነሱን እንጀራ የሚያሰጋው የጓሮ ቄጤማ አይመስለኝም። የሚያሰጋው የሚያጭዱበት ረግረግ ቤትና መጋዘን እየሆነ መሄዱ ነው። ሱሉልታን በመንገድ ያለፈ ሰው የሚያየው ነው። እንዲያውም ከማንም በፊት መትከል ያለባቸው እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። ለከተማ ግብርና ከሚሰጠው መሬት መካከል ለጎመን የማይሆነው ረግረጋማው ክፍል ለእነዚህ ሴቶች ማኅበራት ቢሰጥ፣ በየበዓሉ ያለ ጥርጥር ገዢ ያለው ምርት ይኖራቸዋል። ገበያው ለዘመናት ተፈትኗል። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ሠራሹ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ታጥቦ ለከርሞ ይቀመጣል፣ ለሻጭዋም ለረግረጉም የሚተርፈው ነገር የለም።

ረግረጉን ካነሳሁ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የበርጋ ሜዳ አለ። ክረምት ሲሆን በቄጤማና በሣር የሚሸፈን ውሃማ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ሳሮትሩራ አይረሲ የምትባል፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ከእፍኝ የማትበልጥ ወፍ ጎጆዋን ትሠራለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አእዋፍ አንዷ ናት፤ ከእኛ አገር ሌላ ደህና ተደርጋ የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። የምትፈለፍለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከብት የሚሰማራውና ማጭድ የሚገባው በዚያው ወቅት ከሆነ ጎጆዋ ይረገጣል። የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ሲጠብቋት ቆይተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ጓሯችን ውስጥ የተከልነው ቄጤማ የእሷ ቤት አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ሰጥቼ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። እሷ የምትፈልገው ሰፊ፣ ሰው የማይረግጠው ውሃማ ሜዳ ነው። የእኛ ጓሮ የሚያደርገው ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን አረንጓዴ ከእሷ ሜዳ ላይ አለመፈለግ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በመጪው ሰኔ ያንን ጥግ አትሙሉት። ለመትከል ስትነሱ ደግሞ ዶማ ይዛችሁ ወደ ረግረግ አትውረዱ፤ መጀመሪያ ካለው ሰው ጠይቁ። ከመካከላችሁ ቄጤማ ያለው ሰው ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ እጁን ያውጣ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው አንድ እግር ለመስጠት ቃል ይግባ።